ሳያዩ የሚያወግዙ ብፁዓን ናቸው

ቶማስ ካልዳሰስኩ አላምንም ብሎ አስቸገረ። የእኛ ብሎክ ነዋሪ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም፤ ሳያይም ሳይዳስስም ይፈርዳል። ኮዬ ፈጬ ከገባሁ ጀምሮ ውኃ ጠፍቶብኛል፣ መብራት ጠፍቶብኛል፣ ማታ ማታ ታክሲም ይጠፋል። ፍርድ ግን አንድ ቀን ጠፍቶ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ኮሚናሉ ውስጥ ተሰበሰብን። ሦስተኛ ፎቅ ያለው ልጅ ፕሮጀክተር ተውሶ ለሰፈሩ ወጣቶች ፊልም ሊያሳይ ነው አሉ። ጥበቃው የሰማው «ኢየሱስም አለበት» ሲል ብቻ ነበር። ወሬው ሱቋ ጋ ሲደርስ «በጌታ ላይ ያላግጣል» ሆነ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ «ሆን ተብሎ ከውጭ የተላከ ነው»። አሳንሰር በሌለው ሕንፃችን እንደ ወሬ ፈጥኖ የሚወጣ የለም።

ልጁ «እስቲ መጀመሪያ እዩት» ብሎ ፍላሹን ረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። አንዲት እናት ስኒያቸውን ቀስ ብለው አራቁ። ሌላዋ የፈንዲሻውን ሰፌድ ወደ ጭናቸው ሳቡ። በኮሮና ጊዜ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅንም።

«አባባ፣ እርስዎ አይተውታል?»

«ልጄ፣ ካየሁትማ በምን አፌ አወግዘዋለሁ?»

ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ።

ይህ ጸጋ ለእኛ ብቻ የተሰጠ እንዳይመስላችሁ። ፊልሙ የእንግሊዞቹ የሞንቲ ፓይተን የቀልድ ቡድን በ1979 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ላይፍ ኦቭ ብራያን» ነው። ብራያን የተባለው ምስኪን ኢየሱስ በተወለደበት ሌሊት ጎረቤት በረት ውስጥ ይወለዳል። ሰብዓ ሰገል በረት ተሳስተው ስጦታውን ለእሱ እናት ይሰጡና፣ ስህተታቸው ሲገባቸው ተመልሰው ከእጇ ይነጥቃሉ። ጌታ በተራራው ላይ ሲሰብክ ማንም አይቀልድበትም፤ የሚሳቀው ከኋላ ቆሞ በቅጡ ሳይሰማ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ በሚነታረከው ሕዝብ ነው። ኋላ ይኸው ሕዝብ ብራያንን በግድ መሲሕ ያደርገዋል። ሲሸሻቸው ጫማው ይወልቃል፤ ጫማዋን አንስተው «ምልክት ናት!» ይላሉ፣ ወዲያው በጫማዋ ትርጉም ይጣላሉ።

እንግሊዝ አገር ፊልሙን ካገዱት የአካባቢ ምክር ቤቶች አንዳንዶቹ በክልላቸው አንድም ሲኒማ ቤት አልነበራቸውም። ቅድስና እንዲህ ነው! አየርላንድ እስከ 1987 ቆልፋበታለች። ኖርዌይም አግዳው ነበር፤ ስዊድኖች «ከማሳቁ የተነሣ ኖርዌይ ያገደችው» ብለው ማስታወቂያ ሠሩበት። በቴሌቪዥን ቀርበው ፊልሙን ያወገዙት የሳውዝዋርክ ጳጳስና ጋዜጠኛው ማልኮም ማገሪጅ ደግሞ ለእይታው ዘግይተው ስለ ደረሱ መጀመሪያው አምልጧቸዋል፤ ብራያን ሌላ፣ ኢየሱስ ሌላ መሆኑ የሚታየውም እዚያው ላይ ነው። ያም ሆኖ የቀረውን አይተዋል። በእኛ ብሎክ መመዘኛ ይህ ድክመት ነው።

አንዱ ጎረምሳ «አለቃ ገብረ ሐና ቄሱንም ደብተራውንም ሲሸነቁጡ እንስቅ የለም እንዴ?» አለ። አባባ ፊታቸው በራ። የአለቃን ሁለት ቀልድ ራሳቸው አወሩልን፤ ሁለተኛዋ እዚህ አትጻፍም። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ተኮሳተሩ፦ «እሱ ሌላ ነው። አለቃ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ የኛው ናቸው።»

በረካው ሲቀዳ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤውን አነበበ፦ «ፊልሙ እንዳይታይ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል። የፊልሙ ስም ተጣርቶ በሚቀጥለው ስብሰባ ይሞላል።» ለስሙ አንድ መስመር ባዶ ትቶለታል።

ከባዶዋ መስመር በታች ፈረምኩ።