ተሽሮ መብላት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ያሉት አበው እንግሊዝ ሀገር ቢመጡ ግራ ይገባቸዋል። እዚህ ሰውየው የሚበላው ከተሻረ በኋላ ነው።

በ2022 እ.ኤ.አ. ኅዳር ላይ አክስቴ ልትጠይቀኝ ለንደን መጥታ ነበር። ማታ ቴሌቪዥን ስንከፍት አንድ ሰውዬ አውስትራሊያ ጫካ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያነቀው ይበላል።

«ማነው?» አለች።

«ማት ሃንኮክ። የጤና ሚኒስትር ነበር።»

«ውይ በሞትኩት! ተሰዶ ነው?»

ተሰዶ አይደለም፣ ተከፍሎት ነው። በኮሮና ጊዜ ሕዝቡን «አትጠጋጉ» ሲል ከርሞ፣ ራሱ ቢሮው ውስጥ ከአማካሪው ጋር ሲሳሳም ካሜራ ያዘው። በ2021 ሰኔ ላይ ሥልጣኑን ለቀቀ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው አይቲቪ የሚባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ታዋቂ ሰዎችን ጫካ ወስዶ በሚያሰቃይበት ፕሮግራም ላይ ብቅ አለ። ካሜራ አባረረው፣ ካሜራ ቀጠረው።

«የምን ሥጋ ነው?»

«የግመል።»

አማተበች። «የትኛው ብልት?»

ዶሮና በግ ስትበልት ያረጀች ሴት ናት፤ ሳትጠይቅ አታልፍም። ችግሩ መልሱ ራሱ «ብልት» መሆኑ ነው። «እ... እሱን ነው እኮ» አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። በቀዳዳው ግን ማየቷን አላቆመችም።

ሂሳቡን እንየው። ሚኒስትርነቱን ቢለቅም ፓርላማ ውስጥ ግን ገና ነበር። የፓርላማ አባል የዓመት ደመወዝ ያኔ 84,144 ፓውንድ ነበር። ጫካው የከፈለው 320,000። ሦስት ሳምንት ላልሞላ ሥራ ወደ አራት ዓመት የሚጠጋ ደመወዝ! ከዚያ ላይ 10,000 ለበጎ አድራጎት ሰጠ። አሥራት እንኳ አይሞላም። አክስቴ ይህን ስትሰማ ከግመሉ በላይ ደነገጠች።

ጣቢያውም ሞኝ አይደለም። የተወደደ ሰው ቢያመጣ ተመልካች አንድ ማታ አይቶ ይተኛል። የተጠላ ሲያመጣ ግን ነገም ይመጣል፤ ማስታወቂያውንም አብሮ ያያል። ማን መከራ ይብላ የሚለውን የሚወስነው ተመልካቹ ነው፣ በስልኩ። ሕዝቡም በተከታታይ ሃንኮክን መረጠ። በዚህ ፍቅር ተመርጦ የሚያውቅ አይመስለኝም። ፓርቲው እንኳ ገና ሲሄድ አግዶታል። በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣ።

አክስቴም «ለዚያ ሰውዬ አንዴ ንካለት» ማለት ለምዳ ነበር።

«አሳዘነሽ?»

«ኧረ ይብላ ብዬ ነው!»

በዓመቱ ከአዲስ አበባ ደወለች። «ዘንድሮስ ማን እየበላ ነው?»

«ናይጄል ፋራዥ፣ ፖለቲከኛው። 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ ነው አሉ።»

«እሱስ የምን ሚኒስትር ነበር?»

«የምንም። ለፓርላማ ሰባት ጊዜ ተወዳድሮ ሰባቴ ወድቋል።»

«ሳይሾም ነው የሚበላው?»

እሱም ሦስተኛ ወጣ። በ2024 ግን በስምንተኛው ሙከራ ፓርላማ ገባ። ደውዬ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«ይኼስ ይሻላል» አለች። «ጠግቦ ነው የገባው።»