ሺናይና መቋሚያ

ኬንዶ የሚባለውን የጃፓኖች የሰይፍ ስፖርት የጀመርኩት በ41 ዓመቴ ነው። የምኖረው ቶኪዮ፣ ካትሱሺካ ወረዳ ነው። ዮትሱጊ በሚባለው ሰፈር ሐበሻ በርከት ብሎ ስለሚኖር ወሬ ቶሎ ይዳረሳል። ሳምንት ሳይሞላኝ አንድ ወዳጄ ቡና ላይ «ልጆችህን ታስመዘግባለህ ስንል አንተው ተመዘገብክ?» አለኝ። ክፋት የለውም። እኛ ዘንድ አዲስ ነገር መጀመር የልጅ ነው። አዋቂ የሚያውቀውን ይሠራል። የማያውቀውን ሲሞክር በሰው ፊት አይታይም።

የምንለማመደው በወረዳው የስፖርት አዳራሽ ነው። በመጀመሪያው ምሽት ጀማሪዎቹ አምስት ነበርን። ሁለት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ፣ እኔ፣ እና ጡረታ የወጡ የ67 ዓመት አዛውንት። ሰውዬው ከአንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጎን ቆመው እግር አነሣሥ ሲማሩ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ልጁም አልሳቀም። እኔ ግን ዓይኔን ከሳቸው መንቀል አቃተኝ። አገሬ ላይ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው «ሀ» ብሎ ሲጀምር ያየሁት መቼ ነበር?

ኬንዶ ላይ መጀመሪያ የሚማረው እጅ ሳይሆን እግር ነው። ቀኝ እግር ፊት ይሆናል፤ የግራው ተረከዝ ከወለሉ በትንሹ ከፍ ይላል። እግር አይነሣም፣ ይንሸራተታል። ሳምንታት በዚህ ያልፋሉ። ሺናይ የሚባለው የልምምድ ሰይፍ ከአራት የቀርከሃ ፍላጭ ተገጣጥሞ በቆዳ የታሰረ ነው። የአዋቂው ርዝመቱ እስከ 120 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የወንዶቹ ደግሞ ከ510 ግራም ማነስ የለበትም። ጉልበቱ ከግራ እጅ ነው የሚመጣው። ቀኙ አቅጣጫ ብቻ ይሰጣል። ዕድሜውን ሙሉ በቀኙ ለሠራ ሰው ይህ ከባድ ነው። የግራ መዳፌና የግራ እግሬ ውስጥ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደርቆ እንደገና ቋጥሯል።

ስትመታ የምትመታውን ቦታ ስም ትጮሃለህ። ራስ ከሆነ «ሜን!»፣ የእጅ አንጓ ከሆነ «ኮቴ!»፣ ወገብ ከሆነ «ዶ!»። ድምፁ፣ ሰይፉና የእግሩ ምት በአንድ ቅጽበት መገናኘት አለባቸው። ሺናዩ ቦታውን አግኝቶ ድምፁ ወይም እግሩ ከዘገየ ምቱ አይቆጠርም።

ይህን ሲያስረዱኝ አያቴ ትዝ አሉኝ። የእናቴ አባት መሪጌታ ነበሩ። የቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ሥርዓት የሆነውን አቋቋም የተማሩት ጎንደር በአታ ነው። ክረምት ክረምት ጎጃም ስንሄድ ዛፍ ሥር ሲያስተምሩ አያቸው ነበር። ተማሪው መጀመሪያ ቁሙን ይማራል። ከዚያ ነው መቋሚያ ይዞ ወደ ዝማሜው የሚገባው። ድምፅ፣ መቋሚያና እግር አንድ ላይ ይወድቃሉ። ድምፁ ቀድሞ መቋሚያው ከዘገየ የኔታ እጃቸውን ያነሣሉ። እንደገና ነው። ጢሙ የወረደ የ30 ዓመት ደቀ መዝሙር ከ12 ዓመት ልጅ ጎን ተቀምጦ ይማር ነበር። ልጁ ቀድሞ ከገባ ልጁ ትልቁን ያቀናዋል። ማንም ዕድሜ አይጠይቅም።

ስለዚህ ጃፓኖቹ ያላቸው ነገር ለኛ ባዕድ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጥቶ ወደ ከተማው አልገባም እንጂ። አዲስ አበባ እያለሁ፣ 20ዎቹ ውስጥ፣ አንድ የማርሻል አርት ክለብ ገብቼ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ዓመት ከሠራ ልጅ ጋር አጋጠሙኝ። «እንየው» ብለው። ጎኔ ለሁለት ሳምንት አሞኝ ነበር። አልተመለስኩም። መሥሪያ ቤት ውስጥም እንደዚያው ነው። አዲሱ ሠራተኛ ሥራውን ከመማሩ በፊት ይፈተናል፤ ሲሳሳት ይወራበታል።

ኬንዶ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሞቶዳቺ የሚባል አለ፤ ምቱን ተቀብሎ የሚያስተምር ማለት ነው። ትጥቁን ለብሶ ፊትህ ይቆምና ሺናዩን ወደ ጎን ፈቀቅ ያደርጋል። ራሱን ይከፍትልሃል። አንተ ትመታለህ። የኛ ሴንሴይ፣ መምህራችን ማለት ነው፣ ማዕረጋቸው 7ኛ ዳን ነው። 70 አልፏቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ምቶቼ የሳቸውን ራስ ስተው ትጥቅ የሌለው ትከሻቸው ላይ ያርፉ ነበር። ይቅርታ ልጠይቅ ጎንበስ ስል ከለከሉኝ። «ድገመው። ጎደሎ ምት ላንተም ለኔም አይጠቅምም» አሉኝ። ደገምኩ። እንደገና ትከሻቸውን አገኘሁት። በዚያ ምሽት ከሃያ ጊዜ በላይ ያለ ምንም ቅሬታ ተቀበሉኝ። አዋቂው ለጀማሪው ሲል የሚመታበት ትምህርት ሕይወቴን ሙሉ አላየሁም ነበር።

ሁሉም ነገር ደልቶኛል ማለት አይደለም። «ለምን?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ መልሱ «ዝም ብለህ ሥራው፣ በኋላ ይገባሃል» ነው። ደግሞም ሁለት ዓመት አብሬው የተለማመድኩት ሰው ስንት ልጆች እንዳሉት አላውቅም። ተሰጋግደን እንለያያለን። እኛ ጋ ቢሆን በሁለተኛው ሳምንት የእናቱን ስም አውቅ ነበር። ይህ ይናፍቀኛል።

ፉከራም ይናፍቀኛል። ኬንዶ ላይ መትተህ ነጥብ አግኝተህ እጅህን ወደ ላይ ብትወረውር ዳኞቹ ነጥቡን ሊነጥቁህ ይችላሉ። ከመታህ በኋላም ዓይንህን ከተጋጣሚህ ሳትነቅል ተዘጋጅተህ መቆየት አለብህ። ይህን ዛንሺን ይሉታል። በየዓመቱ ኖቬምበር 3 ኒፖን ቡዶካን አዳራሽ የሚደረገውን የጃፓን ሻምፒዮና ሄጄ አይቻለሁ። አሸናፊው አልዘለለም። ቅር አለኝ።

ሴንሴዩ ይህ ቅሬታዬ ገብቷቸው አበበ ቢቂላን አነሡልኝ። ቡዶካን የተሠራው ለ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ነው። ያኔ ልጅ ነበሩ። አበበ በ2:12:11.2 ማራቶኑን ጨርሶ ሲገባ በቴሌቪዥን አይተዋል። ሰው ሁሉ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ እሱ ሳሩ ላይ ወርዶ ሰውነቱን ማፍታታት ጀመረ። «እኔ ዛንሺንን መጀመሪያ ያየሁት ካገርህ ሰው ነው» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በስምንተኛው ወር ትጥቁን አለበሱኝ። የብረት ፍርግርጉ ፊቴ ላይ ሲታሰር የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ሺናዬን እመረምራለሁ። የተሰነጠቀ ቀርከሃ በፍርግርጉ ገብቶ የሰው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። እፍቀዋለሁ፣ ዘይት እቀባዋለሁ።

ዘንድሮ ክረምት አገሬ እገባለሁ። ሁለት ወር አለኝ። አቋቋም የሚያስተምሩ መሪጌታ ዘንድ ሄጄ ከመጀመሪያው መጀመር እንደምፈልግ ለእናቴ በስልክ ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«የአያትህ መቋሚያ አለ» አለችኝ። «እንዳይሰነጠቅ ቅቤ እየቀባሁ ነው ያቆየሁት።»