እናንተ ስትተኙ ሞተሩም ይረፍ

ወገኖቼ፣ ይህን የምለው ለረጅም መንገድ የከባድ መኪና ሾፌሮች፣ ለመኪና ባለቤቶችና ጭነት ለምታስጭኑ ሁሉ ነው። ጉዳዩ ለማረፍ ስትቆሙ ሳይጠፋ የሚያድረው ሞተር ነው። ዝም ብለን ብዙ ቆይተናል፤ ዛሬ በግልጽ እንነጋገር።

ሾፌሮች በሚያርፉበት ቦታ ሌሊት የሚሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መኪኖቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። መብራቱ ጠፍቷል፣ የጋቢናው መጋረጃ ተዘግቷል፣ ሰው ተኝቷል። ሞተሩ ግን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም በዝቅተኛው ዙር ላይ ሆኖ እስኪነጋ ይንደቀደቃል።

አንድ ትልቅ መኪና ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ በሰዓት ወደ 3 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። እንደ ሞተሩ መጠንና እንደ ዙሩ፣ ኤሲ ሲከፈትም፣ ከዚህ ዝቅ ወይም ከፍ ይላል። 10 ሰዓት ካረፋችሁ 30 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ጭነት ይዞ በ100 ኪሎሜትር 35 ሊትር የሚበላ መኪና በዚህ ናፍጣ 85 ኪሎሜትር ይጓዝ ነበር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ደግሞ ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ከአንድ መኪና በአንድ ሌሊት 80 ኪሎ ወጣ ማለት ነው፤ ያውም ጭነቱ ካለበት ንቅንቅ ሳይል።

የናፍጣው ብክነት ያናድደኛል። ጭሱ ግን ያመኛል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ለሰው ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ጋር መድቦታል። ትምባሆና አስቤስቶስ ያሉበት ምድብ ነው። ማስረጃው የተሰበሰበው በሥራቸው ምክንያት ይህን ጭስ ለዓመታት ከሳቡ ሰዎች ነው። እንግዲህ ማን ይስበዋል? መጀመሪያ የምትስቡት እናንተው ናችሁ። የእናንተ ጭስ በጎረቤታችሁ መስኮት ይገባል፣ የእሱም በእናንተ። ከጋቢናው ሥር ያለው የጭስ ቧንቧ ትንሽ ከተሰነጠቀ ደግሞ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንቅልፍ ላይ እያላችሁ ሊደርስባችሁ ይችላል። የሌሊት ጥበቃው፣ ጫኝና አውራጁ፣ በአካባቢው ቤት ተከራይታ ልጅ የምታሳድገው እናትም ይስቡታል። እነዚህ ሰዎች አልተጠየቁም። ሞተሩ እንዲያድር የፈቀደ ማንም የለም።

«የእኔ መኪና አዲስ ነው፣ ጭስ የለውም» የሚል መልስ እሰማለሁ። ወንድሜ፣ በዚህ ተሳስተሃል። አዲሱ መኪናህ ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ እንዲሠራ ሙቀት ይፈልጋል። አድብሉ የሚባለውን ጭስ ማጣሪያ ፈሳሽ የሚረጨው ክፍል ጭሱ 200 ዲግሪ ገደማ ካልደረሰ ሥራውን በቅጡ አይሠራም። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ሰዓታት ሲቆይ ጭሱ ይቀዘቅዛል፣ መርዘኛው የናይትሮጅን ጋዝ ሳይጣራ ይወጣል። ጥላሸት የሚይዘው ፊልትሮም ራሱን አቃጥሎ ማጽዳት ስለማይችል ይደፈናል። ፊልትሮው ተደፍኖ ጋራዥ የቆመ መኪና ስንት ቀን ሥራ እንደሚያስፈታ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሌላው ደግሞ «ሞተር ማጥፋትና ማስነሳት ይጎዳል፣ እየሠራ ቢያድር ይሻላል» ይላል። ይህን አባባል ነባር ሾፌሮች ለጀማሪ ያስተምሩታል፤ ስለዚህ እሱ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። የናፍጣ ሞተር የተሠራው ጭነት ለመጎተት ነው። ሥራ ሳይኖረው ሲዞር ሲሊንደሩ በሚገባ አይሞቅም። በደንብ ያልሞቀ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። ያልተቃጠለው ከፊሉ ጥላሸት ሆኖ ቫልቩና ኢንጀክተሩ ላይ ይጋገራል። ከፊሉ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳልና የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይጠብቅም። በዚያ ላይ የኪሎሜትር ቆጣሪው ቆሟል፤ ዘይት የምትቀይሩት ኪሎሜትር ቆጥራችሁ ከሆነ እነዚያ የሌሊት ሰዓታት በሒሳባችሁ ውስጥ የሉም። ጠዋት አንድ ጊዜ ማስነሻውን ሞተሪኖ ማዞርን ከዚህ ጋር አወዳድሩት። ሞተሩን እንጠብቀው ብላችሁ በየሌሊቱ የምትጨርሱት ሞተሩን ነው።

ተርቦ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ክፍል፣ ሞተሩ በግለቱ ወዲያው ሲጠፋ ይጎዳል የሚሉት ግን እውነት አላቸው። ዳገት ስትወጡ ቆይታችሁ ወዲያው አታጥፉት። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማቀዝቀዝ ይበቃዋል። ማቆሚያው ውስጥ ቀስ ብላችሁ ቦታ ስትፈልጉ ደግሞ ግማሹ ሥራ አልቋል።

የመኪና ባለቤቶች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ጥፋቱን ሾፌሩ ላይ ብቻ የሚጭን ሰው ፍርደ ገምድል ነው። ጋቢናው እንደ ምድጃ የሚግል ከሆነ፣ ወይም ብርዱ አጥንት የሚሰብር ከሆነ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ እንዴት ይተኛል? ሲገላበጥ ያደረ ሰው በነጋታው መሪ ላይ ያንቀላፋል። የዚያ ዕዳ ደግሞ ሕይወት ነው። ስለዚህ «አጥፋ» ብሎ ማዘዝ ብቻውን አይበቃም። ብርድ ላለበት መንገድ በናፍጣ የሚሠራ ትንሽ የጋቢና ማሞቂያ አለ። በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.3 ሊትር ነው የሚፈልገው፤ ከ3 ሊትር ጋር ስታወዳድሩት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለሙቀት ደግሞ መኪናው ሲሄድ በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ ኤሲ አለ። እሱ ውድ ነው ካላችሁ በትንሹ ጀምሩ። ለፊት መስታወቱ ፀሐይ የሚመልስ መሸፈኛ፣ ለመስኮቱ ወንፊት፣ በ24 ቮልት የሚሠራ ቬንትሌተር፣ ጠንካራ ባትሪ ግዙ። ብዙ ሾፌር ሞተሩን የማያጠፋው ጠዋት አልነሳ ቢለኝስ ብሎ ነው። የደከመ ባትሪ ሰጥታችሁ ስለ ናፍጣ አትቆጡት።

ደግሞ አትገምቱ። የዛሬ ሞተር ኮምፒውተር መኪናው ቆሞ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ መዝግቦ ይይዛል። አስነብቡት። ብዙዎቹ ሞተሮች ከተወሰነ ደቂቃ በኋላ ራሳቸውን እንዲያጠፉ ማስተካከልም ይቻላል። ከተረፈው ናፍጣ ላይ ለሾፌሩ ድርሻ ስጡት። የቅጣት ደብዳቤ ከመጻፍ ይህ ይሻላል፤ ልማድ የቀየረው እሱ ነውና ይገባዋል።

ጭነት ተቀባዮችም አላችሁበት። መኪና ሁሉ ጠዋት ላይ ይምጣ ትላላችሁ፣ ከዚያ ሰልፉ እስከ ማታ አንድ አንድ መኪና እያለ ይጎተታል። በዚያ ሰልፍ ማንም ሞተር አያጠፋም። ለእያንዳንዱ መኪና ሰዓት ስጡት፤ ሾፌሩ የሚቀመጥበት ጥላና ውሃ አዘጋጁለት።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ከባድ መኪና ቆሞ ሞተሩ ከ5 ደቂቃ በላይ እንዳይሠራ ደንብ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ አልጋ ያላቸው የረጅም መንገድ መኪኖችም በዚሁ ደንብ ሥር ገብተዋል። ጭነት ግን መመላለሱን አላቆመም። በእርግጥ ናፍጣ የሚረጋበት ከባድ ቅዝቃዜ አለ፤ ሞተሩ ራሱ ሥራ ላይ የሆነበት መኪናም አለ፣ እንደ ሲሚንቶ ማቡኪያ ያለ። እነዚህን የሚከለክል የለም። የማቀዝቀዣ ጭነት ግን ሰበብ አይሆንም፤ አብዛኛው ማቀዝቀዣ የራሱ ሞተር አለው።

ዛሬ ማታ አጠገባችሁ የቆመው መኪና ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ገና ሳይተኛ ሂዱና በአክብሮት አናግሩት። «ወንድሜ፣ ለምን አታጠፋውም?» በሉት። ሙቀት ነው ካለ ነፋስ ያለበትን ቦታ አሳዩት። ባትሪው ደክሞ ከሆነ ጠዋት ኬብል ዘርግታችሁ እንደምታስነሱለት ቃል ግቡለት፣ ጠዋትም ቃላችሁን ጠብቁ።