ጠቋሚ ሌዘር ምስማር አይስብም

ስለ ሌዘርና መግነጢስ የወጣው ጽሑፍ ደስ ይላል። ግን እዚያ ውስጥ «የሌዘር ብርሃን መግነጢሳዊ መስክ አንድ ቀን ማግኔትን ይተካል» የሚለው ላይ ትንሽ ልበል። መስኩ መኖሩ እውነት ነው፤ ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ ነው። ችግሩ አንድ ቦታ አይረጋም። በቀይ ሌዘር አቅጣጫው በሰከንድ ከ400 ትሪሊዮን ጊዜ በላይ ይመላለሳል። ብረቱ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማግኔቶች ገና ወደ አንዱ ሳይዞሩ ወደ ሌላው ዙሩ ይባላሉ።

በወረቀት አስልቼዋለሁ። 1 ሚሊዋት ጠቋሚ ሌዘር 1 ካሬ ሚሊሜትር ላይ ሲያርፍ ከፍተኛው መስክ 3 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው (ቴስላ የመግነጢስ መስክ ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ማይክሮቴስላ ደግሞ የቴስላ ሚሊዮንኛ)። የመሬት መስክ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ነው። ኮምፓስ ላይ ብታበሩበት መርፌው ዞር ብሎም አያያችሁ።

ግዙፎቹ ሌዘሮች እርግጥ ሌላ ዓለም ናቸው። በካሬ ሴንቲሜትር 1 ቢሊዮን ቢሊዮን ዋት ሲያተኩሩ መስኩ 9 ሺህ ቴስላ ገደማ ይገባል። የሆስፒታል ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው መሣሪያ) እኮ አብዛኛውን ጊዜ 1.5 ወይም 3 ቴስላ ነው! ግን የሚቆየው ለፌምቶሰከንዶች ነው (አንዱ የሰከንድ ሚሊዮን ቢሊዮንኛ ነው)፤ ነጥቡም ከፀጉር ይቀጥናል። በዚያ ጉልበት ደግሞ የተመታው ነገር ወዲያው ፕላዝማ፣ ማለትም አተሞቹ ኤሌክትሮን ያጡበት እጅግ የጋለ ጋዝ፣ ይሆናል። የሚሳብ ምስማር ከየት ይምጣ?