ሌሊት ማን ይገዛል?

ድሬዳዋ ውስጥ ቺዝ ገዝቶ የማያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያልፈው አልቀየመውም። የገዛ ግን ይቀመጥና ይስማኝ፤ ዛሬ ሆድ ብሶኛል።

የማወራው ጨው ስላልበዛበት፣ ገርጣ ስላለው፣ በቢላ ሲቆረጥ ስለማይፈረፈረው ለስለስ ያለ ቺዝ ነው። ጎዳ በሉት፣ ፕሮቮሎን በሉት፣ አልፎ አልፎ ከውጭ ሲገባ የሚገኘው የዴንማርኩ ሃቫርቲ ይሁን፣ ጠባያቸው ተቀራራቢ ነው። ሽታቸው አያስቸግርም፣ ልጅም አዛውንትም ይበላቸዋል፣ ላዛኛ ላይ ቀልጠው ይለጠጣሉ። አንድ ኪሎ እንዲህ ያለ ቺዝ ለመሥራት 10 ሊትር ያህል ወተት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዋጋው ቢወደድ አልከራከርም። የሚያቃጥለኝ ያን ሁሉ ወተት በአንድ ሌሊት ሙቀት የገደለ ነጋዴ ጠዋት በሙሉ ዋጋ ሊሸጥልኝ መቆሙ ነው።

ከዚራ ሰፈር ካሉት ሱቆች በአንዱ ነው። ስሙን አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹን ነጻ ማውጣት ይሆንብኛል። ቺዙን አንሥቼ ጫን ሳደርገው ጣቴ ሰመጠ። በላስቲኩ ውስጥ ላብ የመሰለ ቅባት ተጠራቅሟል። ማቀዝቀዣው ግን በርቷል፣ አምፖሉ ቦግ ብሏል። "ይህ ዕቃ ሌሊቱን የት ነው ያደረው?" አልኩት ልጁን። ዐይኑን እንኳ ሳያሽ "እዚሁ ነው እናቴ፤ ማታ ስንዘጋ ግን ማቀዝቀዣውን እናጠፋዋለን። ሌሊት ማን ይገዛል?" አለኝ።

ሌሊት ማን ይገዛል! ማቀዝቀዣው ለቺዙ እንጂ ለገዢው እንዳልሆነ ማንም አልነገረውም። ገዢ ሲመጣ ይበራል፣ ገዢ ሲሄድ ይጠፋል፣ ልክ እንደ በሩ አምፖል።

የወተት ቅባት 32 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ አብዛኛው ፈሳሽ ሆኗል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪን ሲያልፍ ማንም አይደነቅም፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተዘግቶ ያመሸ ሱቅ ውስጡ ምን እንደሚሆን ለእኛ ለድሬዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ጊዜ ቅባቱ ከቺዙ ሥጋ ተለይቶ ይወጣል። ጠዋት ማቀዝቀዣው ሲበራ ይረጋል እንጂ ወደ ነበረበት አይመለስም። እንዲህ ያለውን ቺዝ ወስዳችሁ ምድጃ ውስጥ ስትከቱት ዘይቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ የቀረው እንደ ጎማ ይታኘካል። እንግዳ ፊት ታፍራላችሁ፤ ነጋዴው አያፍርም።

ደግሞ አፍ አለው። "ቀኑ ገና ነው፣ እዪው!" ብሎ ማሸጊያውን ያዞርልኛል። ወንድሜ፣ ያ ቀን የተጻፈው ቺዙ ከፋብሪካ እስከ ገበታ በቅዝቃዜ ይቆያል ተብሎ ነው። አዲስ አበባ ተጭኖ፣ የአዋሽን ቆላ አቋርጦ፣ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ ዕቃ መንገድ ላይ እንዴት እንደከረመ እንኳ አልጠየቅሁህም። የጠየቅሁህ አንተ ቤት ስላደረበት ሌሊት ብቻ ነው። ሌላው፣ በዕድሜ ጠና ያሉት ነጋዴ ደግሞ ባሱ፤ "አቦ አትጨነቂ፣ ቺዝ እኮ ድሮም የተበላሸ ወተት ነው" አሉኝ። ምን ይመለሳል?

እኔን ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን የግመል ወተት የሚሸጡት እናቶች ነገር ነው። ከገጠር በማለዳ ይመጣሉ። ማቀዝቀዣ የላቸውም፣ ጄኔሬተር የላቸውም። ዕቃቸውን በጭስ አጥነው ያመጡት ወተት ገበያ ሲደርስ ደህና ነው። የግመል ወተት በተፈጥሮው ከላም ወተት ይልቅ ሙቀት መቻሉ እውነት ነው፤ ቢሆንም ሴቶቹ ዕቃቸውን ማጠብና ማጠን አንድ ቀን አይዘሉም። ባለ መስታወቱ ሱቅ ግን ሶኬት መሰካት ከበደው።

ጾም ሲመጣ ነገሩ ይከፋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከቅበላ በፊት የገባው ቺዝ ገዢው ግማሽ ሲሆን እዚያው መደርደሪያው ላይ ሲበራበትና ሲጠፋበት ይከርምና ለፋሲካ ዋዜማ ተወልውሎ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሻጋታ ያወጣውን ልጁ በቢላ ጫፍ ፍቆ በአዲስ ላስቲክ ሲጠቀልል በዐይኔ አይቻለሁ። የጠነከረ ቺዝ ላይ ጫፍ የያዘ ሻጋታ ዙሪያውንና ወደ ውስጥ 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ተቆርጦ ቢጣል የቀረው ይበላል፤ መፋቅ ግን መቁረጥ አይደለም። ተፈቅፍቆ በከረጢት የተሸጠው ከሻገተ ደግሞ ሙሉው ወደ ቆሻሻ ነው።

ቢላውንስ? ሞርታዴላ የሚባለውን የሥጋ ቋሊማ በቆረጡበት ቢላ ቺዝ ይቆርጡልኛል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ባንኮኒ በሚገዛባት፣ ሥጋ ማን እንዳረደው በሚጠየቅባት ከተማ ይህን የሚያደርግ ሰው ያደገው የት ነው? "ጥረገው" ስለው በሱሪው ጠረገው።

እሺ፣ ደህናውን አገኘሁ እንበል። ቤት ሲገባ መብራት ይሄዳል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ቢበዛ 4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ "በሩ ካልተከፈተ" የሚባል ነገር የለም። ፍሪዘሩን በውኃ ጠርሙስ ሞልቼ አበርደዋለሁ፣ መብራት ሲሄድ በረዶውን ወደ ታች አወርዳለሁ። ቺዙን በመጋገሪያ ወረቀት ጠቅልዬ፣ ከላይ ላላ ያለ ፌስታል አልብሼ፣ ከሽንኩርቱና ከበርበሬው አርቄ ውስጥ ድረስ እገፋዋለሁ፤ የፍሪጅ በር ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ቺዙን አይወደውም ማለት ነው። ለወጥ ቤት ብቻ የሚሆነውን ቆራርጬ ፍሪዘር እከታለሁ። ከፍሪዘር የወጣ ቺዝ ይፈረፈራል፣ ዳቦ ላይ አያምርም፤ ለላዛኛ ግን ምንም አይለው። ሐረር ያለችው እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት ትስቅብኛለች። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ በ1,900 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነፋስ እየበላ የሚኖር ሰው ምን ያውቃል።

"አይብ እያለ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?" የሚለኝም አለ። አይብ ነፍሴ ነው! ግን አይቀልጥም። ከአረራ በእሳት የሚወጣ፣ በኮምጣጣነቱ የረጋ ነገር ስለሆነ ስታሞቁት ውኃውን ያንጠባጥባል እንጂ አይለጠጥም። ላዛኛ ላይ የሚለጠጠው ርኔት በሚባለው የወተት ማርጊያ የረጋው ነው። እሱም ቢሆን እሳት አይወድም። ከፍሪጅ እንደወጣ ይፈቀፈቃል፣ ዱቄት በቅቤ ተቁላልቶ በወተት የተሠራው ነጭ ሶስ ከእሳት ከወረደ በኋላ በእፍኝ በእፍኝ ይጨመራል። ዱቄቱ ቅባቱን ይይዘዋል። አስቀድሞ ሱቅ ውስጥ የቀለጠውን ግን ዱቄትም አይታደገው።

ስለዚህ፣ ለፋሲካ የእኔን ላዛኛ የለመዳችሁ ዘመዶቼ፣ ዘንድሮ ጎመን በአይብ ነው የምትበሉት። ቅሬታ ያለው ከዚራ ሄዶ ለልጁ ያቅርብ። ታዲያ ቀን ይሂድ፤ ሌሊት ማን ይገዛል።