እርማት፦ ፍሎሮካርቦን የዓሣ ማጥመጃ ክር "ውኃ ውስጥ አይታይም" ስለሚባለው

ወንድሜ፣ ለባስ ዓሣ "ፍሎሮካርቦን ክር ውኃ ውስጥ ጭራሽ አይታይም፣ ለሁሉም ሉር (ዓሣ ማታለያ ሰው ሠራሽ ምግብ) እሱን ግዙ" ያልከው ትክክል አይደለም። ብዙ ሰው ይደግመዋል፤ እኔም አምኜው ነበር።

ክሩ ይታያል። የብርሃን ስብረት መጠኑ (ብርሃን ሲያልፍበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ) 1.42 አካባቢ ነው፣ የውኃ 1.33፣ የተለመደው የናይለን ክር ደግሞ ከ1.5 በላይ፤ ቁጥሩ ለውኃው በቀረበ መጠን ክሩ ያነሰ ይታያል። ከናይለን ይልቅ ለውኃ ይቀርባል እንጂ አይሰወርም። ቁራጭ ክር ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ከተህ ወደ መስኮት ያዘው፣ ታየዋለህ።

ዋናው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ፍሎሮካርቦን ከውኃ ስለሚከብድ ይሰምጣል። በጠዋት ፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ሣሩ ዳር፣ እየተንሳፈፈ ሲጎተት ቡልቅ ቡልቅ የሚል ፖፐር የተባለ ሉር ብትጥል ክሩ አፍንጫውን ወደ ታች ይስበዋል፤ ውኃ መርጨቱን ትቶ መጥለቅ ይጀምራል፣ ባሱን ከሥር የሚጠራው ደግሞ ያ ድምፅና ያ መርጨት ነው። እዚህ ላይ ናይለን እሰር። ጥቅጥቅ ያለ ሣር ላይ በፕላስቲክ እንቁራሪት የምታጠምድ ከሆነ ግን 50 ፓውንድ የሚችል ብሬይድ (የተጎነጎነ ክር) ያዝ፤ ይንሳፈፋል፣ ብዙም አይለጠጥም፣ ዓሣውን ከነሣሩ ጎትቶ ያወጣዋል።

ፍሎሮካርቦኑን ጣለው አላልኩም። ወለሉ ላይ በድንጋይ መሀል ለሚጎተት ጂግ (ክብደት ያለው ሉር) ግሩም ነው፤ መስመጡ እዚያ ይጠቅማል፣ በድንጋይ መፋቅንም ይቋቋማል። ጀማሪዎች ግን ያንን ውድ ጥቅል ገዝተው ፖፐር ላይ እያሰሩት ነው፣ እባክህ ምክርህን አስተካክልላቸው።