ፕሮጀክቱን ደብቀን ምን አተረፍን?

የሙዚቃ ፕሮጀክት ፋይል (ዘፈኑ ኮምፒውተር ላይ የተሠራበትን፣ እያንዳንዱ ድምፅ በየራሱ መስመር ማለትም በየትራኩ የሚታይበትን ፋይል) ለሙያ ባልደረባ መስጠት ምን እንዲህ ያስጨንቃል? አንዱን ፕሮዲዩሰር «ያን ባስ እንዴት እንደሠራኸው ልይ፣ ፕሮጀክቱን ላክልኝ» ስትለው ያለቀውን ዘፈን በኤምፒ3 ይልክልሃል። ኤምፒ3 ውስጥ ምን ይታያል? ኪኩ (ትልቁ የከበሮ ምት) ሲመታ ባሱ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ የሚያመጣጥነው ኮምፕረሰር ስንት ላይ እንደቆመ፣ ድምፁን የሚያስተጋባው ሪቨርብ ወደ የትኛው ትራክ እንደገባ የሚታየው ፕሮጀክቱ ሲከፈት ነው።

የሚልኩትም ቢሆኑ ያቃጥላሉ። ፋይሉን ትከፍታለህ፣ ግማሹ ትራክ ጭጭ! ሳምፕሎቹ (ዘፈኑ ውስጥ የገቡት የተቀዱ ድምፆች) እሱ ኮምፒውተር ላይ ቀርተዋል። ኤብልተን በሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ላይ «ኮሌክት ኦል ኤንድ ሴቭ» የምትል ትእዛዝ አለች እኮ፤ ሁሉንም ሰብስባ አንድ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች። ፕለጊኑ (ሶፍትዌሩ ላይ የሚጨመረው የድምፅ መሥሪያ) ለሌለው ሰው ደግሞ ትራኩን ወደ ዌቭ የድምፅ ፋይል ቀይሮ አብሮ መላክ ነው። «ኦዲዮ 37» ብሎ ከመተው ለትራኩ ስም መስጠትስ ምን ይከብዳል?

«ይሰርቁኛል» የሚለው ስጋት ይገባኛል። የዘፋኙን ድምፅ ሳያስፈቅዱ መልቀቅ ልክ አይደለም፤ የተገዛ ሳምፕልም እንደዚያው። እነሱን አውጥቶ ቀሪውን መስጠት ግን ይቻላል። የክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃድም አለ፤ «ስሜን ጥቀስ፣ ለንግድ አታውለው» ብለህ ትለቃለህ። ናይን ኢንች ኔልስ የተባሉት የአሜሪካ ሮክ ባንድ በ2005 (እ.ኤ.አ.) የአንድ ዘፈናቸውን ፕሮጀክት ፋይል፣ ጋራዥባንድ በሚባለው የአፕል የሙዚቃ መሥሪያ የሚከፈተውን፣ ለአድማጭ በነፃ ለቀዋል፤ ምን ጎደለባቸው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን በሰው ፋይል ተምሮ የወጣ ልጅ፣ ተራው ሲደርስ የኪክ ድምፁን እንኳ አላሳይም ሲል ነው።